የድሮ መኪና ያላችሁ ሁሉ፣ እኚህን ሰው ሳታገኙ ገንዘባችሁን አትበትኑ

እግዚአብሔር ያክብርልኝ! እንቅልፍ የነሳኝ ነገር በመጨረሻ መፍትሔ አገኘ። ያገኘውም የድሮ መኪናን ታሪክ በሚያጣሩ በአንድ ትሁት አባት እጅ ነው። ስማቸው እንዳይጻፍ ስለለመኑኝ አልጽፍም፤ እኔ ጋሼ ነው የምላቸው። እዚሁ ቨርጂኒያ ነው ያሉት። ስልካቸውን ለሚፈልግ እንድሰጥ ፈቅደውልኛል፣ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የ1967 ፎርድ ሙስታንግ አለኝ፣ ያ ጣሪያው እስከ መኪናው ኋላ ጫፍ ቁልቁል የሚወርደው ፋስትባክ። ሞተሩ 390 የሚባለው ነው። ሙስታንግ ውስጥ ይህ ትልቅ ሞተር ለመጀመሪያ ጊዜ የገባው በዚያ ዓመት ስለሆነ ፈላጊው ብዙ ነው፤ ፈላጊ ባለበት ደግሞ አስመሳይም አይጠፋም። የሸጠልኝ ሰው “አንድ ሰው ብቻ ነው የነዳት” ብሎ ምሎልኝ ነበር። አንድ ቀን የመኪና ትርኢት ላይ አንድ አዋቂ ነኝ ባይ የሹፌሩን በር ከፍቶ አየና በሩ ላይ ያለችው የፋብሪካ ቁጥር ሳህን አዲስ የተሠራች ናት አለኝ። “የተሰረቀ መኪና እንዳይሆን፣ ፖሊስ ካገኘው ይወስድብሃል” ብሎኝ ሄደ። እሱ ሄደ፣ እኔ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰላም አጣሁ።

አባቴ ነፍሱን ይማረውና በአሰብ መንገድ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር። “ከሞተሩ በፊት ሊብሬውን እይ” ይል ነበር ሁልጊዜ። መኪና ታሪኩ ካልታወቀ የራስህ አይደለም ብሎ ነው ያሳደገን። ስለዚህ የኔ ጭንቀት የገንዘብ ብቻ አልነበረም።

መጀመሪያ ኢንተርኔት ላይ ታሪክ እናወጣለን ለሚሉት ከፈልኩ። ገንዘቡን ከወሰዱ በኋላ ቁጥሩ ልክ አይደለም አሉኝ። ለካ የነሱ ሲስተም የሚያውቀው ከ1981 ወዲህ የመጣውን ባለ 17 ፊደልና አኃዝ ቁጥር ነው፤ የኔ መኪና ግን 11 ብቻ ነው ያለው። ይህን ከመክፈሌ በፊት እንዳይነግሩኝ ማን ከለከላቸው? ቀጥሎ የመጣው ደግሞ የባሰ ነው። ባለሙያ ነኝ ብሎ ክፍያውን በቅድሚያ ተቀበለ፣ ማንም ሊያገኘው የሚችል ወረቀት ላከልኝ፣ ከዚያ ስልኩን ዘጋ። የቀድሞ ባለቤቶቿን ስም ለመጠየቅ አንድ የመኪና ምዝገባ ቢሮ ሄጄ ተሰልፌ ተራዬ ሲደርስ፣ መስኮቱ ውስጥ ያለው ሰው ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ “በሕግ የተከለከለ ነው” አለኝ። ለምን እንደተከለከለ፣ ሌላ መንገድ ይኑር አይኑር፣ አንዲት ቃል የለም። ሰው እንዴት እንዲህ ይባላል? እስካሁን ይቆጨኛል።

ጋሼን የጠቆመኝ አንድ የታክሲ ሹፌር ወዳጄ ነው። መጡ። ወረቀቱን ገና ሳያዩ “መኪናዋ ራሷ ትናገር” አሉ። ፋብሪካው ቁጥሩን በር ላይ ብቻ ሳይሆን የውስጠኛው ብረት ላይም ይመታዋል። አንዱ ኮፈኑ ሲከፈት ይታያል፣ ሌላው ፓራፋንጎው ስር ተደብቋል። ቀለሙ እንዳይጫር ጠርዙን በፕላስተር ሸፈኑት፣ ብሎኖቹን አንድ በአንድ ፈትተው በተራ ጨርቅ ላይ ደረደሯቸው። ጭቃውን በስሱ ጠረጉና የእጅ ባትሪውን ከጎን አበሩበት። ከዚያ እሳቸው አላነበቡትም። “ና ልጄ፣ አንተው አንብበው” አሉኝ።

ሰባት። አር። ዜሮ ሁለት። ኤስ። እያነበብኩ እሳቸው ይፈታሉ፦ ሰባት ዓመቱ፣ አር የሳን ሆዜ ፋብሪካ፣ ዜሮ ሁለት ፋስትባክ፣ ኤስ ደግሞ 390። ቀሪው ስድስት አኃዝም ታይትሉ፣ የባለቤትነት ወረቀቱ፣ ላይ ካለው ጋር አንድ ነው። ያልተነካካ፣ ያልተፋቀ። እዚያው ጋራዡ ወለል ላይ ቁጭ አልኩ።

ቀጥለው ማርቲ ከሚባለው ድርጅት ሪፖርት አስወጡልኝ። ከ1967 ጀምሮ ያለውን የፎርድ የምርት መዝገብ በፈቃድ የያዘ ድርጅት ነው። መቼ እንደተሠራች፣ ለየትኛው ነጋዴ እንደተላከች ይናገራል። ሌላው ኮድ ኮድ ነው፣ አልገባኝም። የባለቤት ስም ግን የለበትም። ይሄን ያገኙት ጋሼ ናቸው። በሩ የሚዘጋበት ምሰሶ ላይ የደበዘዘች የዘይት መቀየሪያ ተለጣፊ ወረቀት አዩ፤ ላይዋ ላይ ካሊፎርኒያ ያለ የአንዲት ትንሽ ከተማ ጋራዥ ስም ነበረባት። ጋራዡ ከተዘጋ ብዙ ዘመን ሆኖታል። ከከተማው ቤተ መጻሕፍት የድሮ ፖልክ ማውጫ፣ የነዋሪው ስምና ሥራ የሚጻፍበትን፣ አስፈልገው የጋራዡን ባለቤት አገኙ፤ ከዚያ ሴት ልጁን። ልጅቷም “አረንጓዴዋ? የአስተማሪዋ ናት እኮ!” አለች።

አስተማሪዋ አርፈዋል፣ ወንድ ልጃቸው አለ። እኔ ቸኮልኩ፣ ስልኩን ይስጡኝ አልኳቸው። እምቢ አሉ። ቁጣ የለም፣ ቁጭ አድርገው አስረዱኝ። በ1989 ሬቤካ ሼፈር የምትባል ተዋናይት ሎስ አንጀለስ ቤቷ በር ላይ ተገደለች፤ ገዳዩ አድራሻዋን ያገኘው በመርማሪ በኩል ከመኪና ምዝገባ መዝገብ ነው። የባለቤቶችን ስምና አድራሻ ከመኪና ምዝገባ መዝገብ እንዲሁ ማውጣትን የሚከለክለው፣ በ1994 የወጣው ሕግ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው አሉኝ። ያ መስኮት ውስጥ ያለ ሰው በአንድ ደቂቃ ሊነግረኝ ይችል የነበረውን ማለት ነው! ከዚያ በእጃቸው ደብዳቤ ጻፉ፣ የመኪናዋን ፎቶ አኑረው፣ “ካልፈለጉ አይመልሱልን፣ አንቀየምም” ብለው ላኩት።

ሰውየው ደወለ። ድምፁ ይንቀጠቀጥ ነበር። እናቱ በአበባ ቀሚስ መኪናዋን ተደግፈው የተነሱትን ፎቶ ላከልን። የበሩንም ነገር የነገረን እሱ ነው፤ ጎረምሳ ሳለ ከግንብ ጋር አጋጭቶት በሩ በሌላ ተቀየረ፣ የመጀመሪያዋ ሳህን አብራ ሄደች። ከእናቱ የገዛው ሰው ነው አዲሷን አሠርቶ የለጠፋት። ስርቆት የለ፣ ማጭበርበር የለ። ባለቤቶቿ ደግሞ ከኔ በፊት አራት ናቸው፣ አንድ አይደሉም። ሁሉንም በተራ ጽፈው ሰጡኝ።

ክፍያ ልጨምርላቸው ብል “ያልኩህ ያልኩህ ነው” ብለው ከተስማማነው በላይ አንድ ዶላር አልነካም አሉ። እንዲህ ያለ ሰው ዛሬ ከየት ይገኛል?

ወገኖቼ፣ እባካችሁ፣ የድሮ መኪና ልትገዙ ያሰባችሁም የገዛችሁም እኚህን ሰው አማክሩ። ከመክፈላችሁ በፊት ቢሆን ደግሞ ይሻላል። የታይትሉን ኮፒና የቁጥሩን ጥርት ያለ ፎቶ አዘጋጁ፣ የሚጠይቁት መጀመሪያ እሱን ነው። ከሰዓት በኋላ ደውሉላቸው፤ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ናቸው፣ ስልክ አያነሱም።