የኢንግሉንድ ጋምቢት ኮርስ ልትገዙ ያሰባችሁ፣ ብር ከማውጣታችሁ በፊት ይቺን አንብቡ

ቼዝ ወዳጆች፣ ሰሞኑን "በጥቁር ተጫውተህ በ8 ሙቭ ቼክሜት" እየተባለ የሚሸጥ የቪዲዮ ኮርስ አለ፣ 2,400 ብር ነው፣ እኔ ገዝቼው ተበልቻለሁ፣ እናንተ እንዳትበሉ ነው የምጽፈው።

የሚሸጠው የኢንግሉንድ ጋምቢት ነው፣ ጥቁር ገና ሲጀመር ፖን (ወታደር) የሚሰጥበት ኦፕኒንግ (የጨዋታ አጀማመር) ማለት ነው። ዲ4፣ ኢ5 ምናምን የምለው የቦርዱን ካሬዎች ስም ነው። ነጭ ዲ4 ሲል ጥቁር ኢ5 ብሎ ፖን ይሰጣል፣ ነጭ ይበላል፣ ከዛ ፈረስ ሲ6፣ ነጭ ፈረስ ኤፍ3፣ ጥቁር ንግስት ኢ7። ነጭ ፖኑን ልጠብቅ ብሎ ቢሾፕ ኤፍ4 ካለ ንግስት ቢ4 ቼክ፣ ቢሾፕ ዲ2፣ ንግስቲቱ ቢ2ን ትበላለች። እዚህ ጋ ነጭ ደንግጦ ቢሾፕ ሲ3 ካለ አለቀለት፦ ጥቁር ቢሾፕ ቢ4፣ ነጭ ንግስት ዲ2፣ ቢሾፑ ሲ3ን ይበላል፣ ነጭ በንግስት ከበላው ንግስት ሲ1 ሜት። እውነት ለመናገር በጣም ያምራል፣ የመጀመሪያው ቀን 3 ሰው በዚህ አሸንፌ ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ግን ነጭ ቢሾፕ ሲ3 እንዲል ማን ያስገድደዋል? በዛችው በ6ኛው ሙቭ ፈረስ ሲ3 ካለ ትራፑ የለም። ጥቁር ቢሾፕ ቢ4 ቢል ሩክ ቢ1 ንግስቲቱን ያባርራታል፣ ኤ3 ትሄዳለች፣ ከዛ ፈረስ ዲ5 ይመጣና ቢ4 ያለውን ቢሾፕም ሲ7ንም አንድ ላይ ይመታል፣ ቢሾፖቹ ዲ2 ላይ ከተበላሉ በኋላ የጥቁር ንጉስ ሲ7ን ለመጠበቅ ዲ8 ይወጣል፣ ካስል ማድረግ (ንጉሱን ከሩክ ጋር አንቀሳቅሶ ደህና ቦታ ማስገባት) ቀረ፣ ሌሎቹ ልጆቹ ገና ከቤታቸው አልወጡም። ስቶክፊሽ (ቼዝ የሚያሰላ የኮምፒውተር ፕሮግራም) ላይ አስገብታችሁ እዩት፣ ነጻ ነው፣ ነጭ በሰፊው እንደሚበልጥ ወዲያው ያሳያችኋል። የ4 ሰአቱ ቪዲዮ ውስጥ ግን ፈረስ ሲ3 የተነሳው አንዴ ብቻ ነው፣ እሱም "ይሄን የሚያውቅ ሰው የለም" ተብሎ ታልፏል።

ያናደደኝ ደግሞ "አዲስ ሚስጥር" መባሉ ነው። ስሙን ያገኘው ከስዊድናዊው ፍሪትዝ ኢንግሉንድ ነው፣ ሰውየው በፈረንጅ 1932 በዚሁ ኦፕኒንግ ብቻ የሚጫወቱበት ውድድር ስፖንሰር አርጎ ነበር። ሊቸስ (የቼዝ ድረ ገጽ) ላይ የኦፕኒንግ ኤክስፕሎረሩ ነጻ ነው፣ በሬቲንግ (በተጫዋቾቹ የደረጃ ነጥብ) እየለያችሁ ማን ምን እንደተጫወተ ማየት ትችላላችሁ፣ እኔ ከከፈልኩ በኋላ እዛ ላይ 2 ማታ ቁጭ ብዬ ከኮርሱ የበለጠ ተምሬያለሁ።

ጋምቢቱን አትጫወቱ አላልኩም፣ ቡሌት (በጣም ፈጣኑ ጨዋታ) ላይ እኔም እጫወተዋለሁ፣ ደስ ይላል። ግን ለውድድር ይሆነኛል ብሎ ከኪሱ የሚከፍል ልጅ ያሳዝነኛል፣ ብዙዎቻችን ያን ብር የምናገኘው በስንት መከራ ነው።

ልግዛ የሚል ካለ ለሻጩ አንድ ጥያቄ ብቻ ይላክለት፦ 6ኛው ላይ ነጭ ፈረስ ሲ3 ቢለኝ ምን ልጫወት? እኔ የጠየቅኩት ከከፈልኩ በኋላ ነው፣ ሳይመልስልኝ ብሎክ አረገኝ።