አንድ ዘረመል ወደ ምርታማ ዝርያ ለማስገባት፦ በዓይን መምረጥ ወይስ በዲኤንኤ ምልክት?

በሽታ የሚቋቋም ዘረመልን እንደ ምሳሌ እንውሰድ። ማዳቀሉ ለሁለቱም ዘዴዎች አንድ ነው፦ ዲቃላውን ከምርታማው ወላጅ ጋር ደጋግሞ ማዳቀል። የሚለያዩት ለቀጣዩ ዙር የሚቀረውን ተክል በምንለይበት መንገድ ነው። የዲኤንኤ ምልክት ማለት ከዘረመሉ አጠገብ ስለሚገኝ አብዛኛውን ጊዜ አብሮት የሚወረስ፣ በላቦራቶሪ የሚለይ የዲኤንኤ ቁራጭ ነው።

ወጪ፦ ለዓይን መሬት፣ ጉልበትና በሽታው ራሱ ይበቃሉ። ምልክት ላቦራቶሪ፣ ፒሲአር የተባለ ዲኤንኤ የሚያባዛ ማሽንና የሠለጠነ ሰው ይፈልጋል።

ጊዜ፦ የምርታማው ወላጅ ድርሻ በአማካይ በመጀመሪያው ዙር 75፣ በሁለተኛው 87.5፣ በሦስተኛው 93.75 በመቶ ይደርሳል። በዓይን የሚመርጥ ብዙውን ጊዜ እስከ ስድስተኛው ዙር ይሄዳል። ምልክት ከአማካዩ የላቁትን ተክሎች ነጥሎ ስለሚያሳይ ሁለት ወይም ሦስት ዙር ሊበቃው ይችላል፤ ሩዝ ጎርፍን እንዲችል የሚያደርገው ሰብ1 የተባለ ዘረመል ስዋርና ወደተባለው የሩዝ ዝርያ የገባው እንዲህ ነው። ዘረመሉ ድብቅ (ከሁለቱም ወላጆች ካልተወረሰ ውጤቱ የማይታይ) ከሆነማ ልዩነቱ ይሰፋል፦ በዓይን ለማየት ተክሉን ከራሱ አዳቅሎ ልጆቹን መፈተን ግድ ነው፤ ለምልክቱ የቡቃያ ቅጠል ይበቃዋል።

ስጋት፦ በሽታው ባልመጣበት ዓመት ደካማውም ጤነኛ ይመስላል። ምልክቱም ከዘረመሉ 5 ሴንቲሞርጋን (በዘረመሎች መካከል ያለ ርቀት መለኪያ) ከራቀ፣ በየትውልዱ ከተመረጡት 5 በመቶ ያህሉ ዘረመሉን ያጡ ናቸው። በግራና በቀኝ ሁለት ምልክት መጠቀም ስህተቱን ወደ 0.25 በመቶ ገደማ ያወርደዋል። ያም ሆኖ የመጨረሻዎቹን መስመሮች በበሽታው ሳይፈትኑ መልቀቅ ድፍረት ነው።

ቦታው ለታወቀና ብቻውን ትልቅ ውጤት ላለው አንድ ዘረመል ምልክት ይሻላል። እንደ ምርት መጠን ያለ፣ በብዙ ጥቃቅን ዘረመሎች የሚወሰን ባህርይ ሲሆን ግን ጥቂት ምልክቶች ብዙም አይረዱም፤ በተለያየ ቦታ ተደጋግሞ የተዘራ የማሳ ሙከራ ይመረጣል።