ኮቦቱልቦክስ ለዓሣ ምልክት መረጃ፦ ለመሰብሰብ ግሩም፣ ለተጠሪ ኮድ ግን ብቻውን አይበቃም

ከጎንደር ወደ ጎርጎራ ወርዶ ጣና ላይ ዓሣን መለያ ምልክት እያሰረ ለሚያጠና ቡድን፣ በስልክ ፎርም መረጃ የሚሰበሰብበትን ኮቦቱልቦክስን ያለማመንታት እንመክራለን። በነፃ የሚሠራበት አማራጭ አለው። አንድሮይድ ስልክ ላይ ያለ ኔትወርክ ይሞላል፣ ኔትወርክ ሲገኝ ይልካል። ፎርሙ በሚዘጋጅበት የኤክሴል ፋይል፣ የቀን ጥያቄው ላይ አፒራንስ (appearance) በሚለው ዓምድ «ኢትዮፒያን» (ethiopian) ተብሎ ከተጻፈ ስልኩ በእኛ አቆጣጠር ያሳያል፤ ዳታው ውስጥ የሚቀመጠው ግን በፈረንጆቹ ነው። በክረምት ለመራባት ወደ መገጭና ድርማ ወንዞች የሚወጣውን ላቤኦባርበስ የተባለ የዓሣ ወገን ለሚመዘግብ ሰው ይህ ብቻውን ብዙ ስህተት ያስቀራል።

ጥንቃቄ የሚሻው የተጠሪ ኮድ ነው፤ ምልክቱ የማን እንደሆነና ዓሣው ሲያዝ ለማን እንደሚነገር የሚያሳየው አጭር መለያ። ኮቦ የኮዶቹን ዝርዝር የሚይዘው በዚያው የኤክሴል ፋይል ቾይስስ (choices) በሚለው ሺት ነው። ዳታው ውስጥ የሚገባው የኔም (name) ዓምድ ነው፣ ሌብል (label) ለዓይን ብቻ ነው። ባለሙያ ሥራ ሲለቅ ብዙ ቡድን ሌብሉን በተተኪው ስም ይቀይርና ያልፋል። ያን ጊዜ ከዓመታት በፊት ምልክት የታሰረበት ዓሣ ሁሉ የአዲሱ ሰው ሆኖ ይነበባል፤ የሚያስጠነቅቅም የለም።

ስለዚህ ኮድ አይሰረዝም፣ ለሌላም አይሰጥም። ለተተኪው አዲስ መስመር ይጨመራል። አሮጌው «ንቁ» በሚል ዓምድ 0 ይጻፍበትና ምርጫዎችን በሚያጣራው ቾይስ ፊልተር (choice_filter) ከስልኩ ዝርዝር ይደበቃል። ፎርሙ እንደገና ዲፕሎይ ተደርጎ (ለሥራ ተለቅቆ) እያንዳንዱ ስልክ አዲሱን ካላወረደ ግን ታንኳ ላይ ያለው ሰው የድሮውን ዝርዝር እያየ ይሞላል።

ኮዱ ከሰው ስም ባይወጣ ይመረጣል። በግዕዝ ፊደልም አይሁን፤ «ሰ» እና «ሠ» ለእኛ አንድ ድምፅ ናቸው፣ ለኮምፒውተር ግን ሁለት የተለያዩ ኮዶች። በላቲን ሲጻፍም ኦ ከዜሮ፣ አይ ከአንድ ጋር ስለሚምታታ ሁለቱን ፊደላት መተው ነው።

ተቋሙ፣ የሥራ ድርሻው፣ ስልኩ፣ ኮዱ የጀመረበትና ያበቃበት ቀን፣ ተተኪው ኮድ፦ እነዚህ ለብቻ በሲኤስቪ (በኮማ በተለየ የጽሑፍ ሠንጠረዥ) ፋይል ተይዘው፣ ከፋይሉ ወደ ፎርሙ በሚስበው በፑልዳታ (pulldata) ትእዛዝ ይጠሩ። ፋይሉን በኤክሴል ደብል ክሊክ አድርጎ መክፈት አደጋ አለው። በ09 የሚጀምር ስልክ ዜሮውን ያጣል። ዓሣው ሰውነት ውስጥ የሚቀበረው የፒት ምልክት ባለ 15 አሃዝ ቁጥር 9.82ኢ+14 ሆኖ ይታያል፤ በሲኤስቪ ሴቭ ከተደረገ የሚቀረው የታየው ነው፣ የቀረው አሃዝ አይመለስም። በዳታ ሜኑ ገብቶ ዓምዱን ቴክስት ብሎ ማስገባት ያድናል።

ከዓሣው ውጭ የሚታሰር ምልክት ላይ የሚታተመው ስልክ ደግሞ ጨርሶ የማይታረም ነው። የግል ቁጥር አይታተምበት። ሳይሠራበት የቆየ ሲም ተዘግቶ ለሌላ ደንበኛ ሊሰጥ ይችላል፤ ምልክቱን ያገኘው አስጋሪ የሚደውለው ምንም ለማያውቅ ሰው ይሆናል። የቢሮ መስመርና ኮዱ ይታተሙ፤ ለመስመሩ በየጊዜው ካርድ የሚሞላ ሰው በስሙ ይመደብ።