አቼቶ ለዛገ መሣሪያ፦ ለፒንሳና ለማጭድ ጥሩ ነው፣ ለሞርሳ ግን አይሆንም

ዕቃ ቤት ጥግ የከረመ ፒንሳ፣ መፍቻ ወይም ማጭድ ለቁራሌው ከመሰጠቱ በፊት ለሰላጣ የሚሸጠው ነጭ አቼቶ ይሞከርበት። ጠርሙሱ ላይ 4 ወይም 5 በመቶ አሲድ የሚል ከሆነ ይበቃል። ዝገቱን የሚያሟሟው አሲዱ ነው፤ ውሃ ከተጨመረበት ሥራው ይጓተታል።

ቅባት ያለበት ብረት አስቀድሞ በሙቅ ውሃና በኦሞ ይታጠብ፤ አቼቶ ቅባቱን አልፎ አይገባም። የእንጨት እጀታ ካለው ይውለቅ። መንከሪያው ፕላስቲክ ይሁን፤ ባለ 5 ሊትር አሮጌ ጀሪካን በጎኑ ሲቀደድ ለዚሁ ይሆናል። የአሉሚኒየም ድስት ግን ራሱ ይበላል። ለመጋዝ ብዙ አቼቶ ማፍሰስ ብክነት ነው፤ ጨርቅ ነክሮ መጠቅለልና በፌስታል ማሰር ይሻላል፣ ግማሽ ሊትር ይበቃዋል።

ሰዓቱ እንደ አገሩ ነው። ሸዋ ሮቢት ሙቀት ላይ ማታ የተነከረው ጠዋት ሊደርስ ይችላል፤ በደብረ ብርሃን የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ ግን ያው ዕቃ ሙሉ ቀን ሊፈልግ ይችላል፣ ብርድ አሲዱን ያዘገየዋልና። ቀን ቀን ፀሐይ ላይ ማውጣት ያግዛል። ቢሆንም ከ24 ሰዓት በላይ መተው አይገባም፤ ዝገቱ ሲያልቅ አሲዱ ወደ ደህናው ብረት ይዞራል። የማጭድ ስለትና የመጋዝ ጥርስ ቀጭን ስለሆነ ቶሎ ቶሎ ይታይ።

ፒንሳው ሲወጣ ጥቁር አተላ ለብሶ ነው። ባረጀ የጥርስ ብሩሽ መገጣጠሚያው ሥር እየገቡ፣ አፉን እየከፈቱና እየዘጉ፣ የሚወርደው ውሃ እስኪጠራ ድረስ መፈግፈግ ነው። ጎድጉዶ የተበላ ቦታ ካለ ግን አይሞላም፤ የሄደ ብረት ሄዷል።

ብዙው ሰው ሥራውን የሚያበላሸው እዚህ ላይ ነው። ታጥቦ እርጥቡን የተቀመጠ ብረት ወዲያው ቢጫ ዝገት ያወጣል፤ ከዚያ አቼቶው ይወቀሳል። በ1 ሊትር ውሃ 1 የሾርባ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ በጥብጦ 10 ደቂቃ መንከር የቀረውን አሲድ ያረክሰዋል። ከዚያ ማለቅለቅ፣ በደረቅ ጨርቅ መወልወል፣ ምድጃ አጠገብ ለብ አድርጎ በስሱ የልብስ ስፌት መኪና ዘይት መቀባት። የኑግ ዘይት ይቅር፤ ሲቆይ እንደ ሙጫ ይጣበቃል። የተቃጠለ የሞተር ዘይት ለዶማ ግድ የለም፣ እጅ ለሚይዘው ፒንሳ ግን ቆሻሻ ነው።

አቼቶው ባለበት ዕቃ በረኪና ፈጽሞ አይጨመር፤ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ይጎዳል።

የማያዋጣባቸው ቦታዎችም አሉ። ዚንክ የተለበጠ ባልዲ ልባሱ ይላጣል፣ በኋላም ከበፊቱ ብሶ ይዝጋል። ሞርሳ (ሥራ ሲሠራ ብረቱን ቆንጥጦ የሚይዘው) ደግሞ ለመንከር ይከብዳል፤ የሽቦ ብሩሽና ላምባ ይበልጡታል። የተጣበቀ ቡሎን ላይም አቼቶ ደካማ ነው፣ ጥርሱ ውስጥ ሰርጎ አይገባም። ላምባና የሞተር ዘይት እኩል ቀላቅሎ ማንጠባጠብ፣ ማሳደር፣ ጠዋት ጭንቅላቱን በመዶሻ ቀስ አድርጎ መምታትና መፍቻውን መጀመሪያ ትንሽ ወደ ማጥበቂያው፣ ቀጥሎ ወደሚላላበት አቅጣጫ ማዞር ነው። ላምባ የነካውን ቡሎን በእሳት አሙቆ ለመፍታት መሞከር አደጋ አለው።