ቢክ እስክሪብቶና ባለ 50 ሉክ ደብተር፦ ለዕለት ማስታወሻ ይበቃሉ?

ለዕለት ማስታወሻ ተብለው የሚሸጡት በቆዳ የተለበጡ፣ ቀንና ጥያቄ የታተመባቸው ደብተሮች ያምራሉ። ግን ሦስት ቀን ባዶ የቀረ ገጽ ወቀሳ ይሆናል፤ በውድ ወረቀት ላይ ደግሞ ሰው ያማረ ነገር ካልሆነ ለመጻፍ ይሰስታል። በየሱቁ የሚገኙት ቢክ ክሪስታልና ባለ 50 ሉክ ደብተር ለዚህ ሥራ ይሻላሉ፤ ጉድለታቸው ከታወቀ።

ቢክ ክሪስታል በፈረንሳይ ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1950 ነው። ስድስት ጎን ስላለው ጠረጴዛ ላይ አይንከባለልም፣ ቀፎው ስለሚያሳይ የቀረው ቀለም ይታያል። ቀፎው ላይ ያለችው ትንሽ ቀዳዳ የውስጡንና የውጪውን የአየር ግፊት እኩል የምታደርግ ናት፤ ፕላስተር አይለጠፍባት። ቀለሙ ዘይታማና ወፍራም ስለሆነ የሳሳ የደብተር ወረቀት ላይ እንኳ ወደ ጀርባ አያልፍም። ተጭኖ የሚጽፍ ሰው ግን ጀርባውን ያጎደጉደዋል።

ለፊደላችን ዋናው ጉድለቱ የጫፉ ውፍረት ነው። ጫፉ ላይ የምትሽከረከረው ኳስ 1 ሚሊ ሜትር ናት፤ በደቃቁ ሲጻፍ የኃምሱ ቀለበት ይደፈንና ሌ ሊን፣ ሴ ሲን ይመስላል። ከወራት በኋላ የራስን ጽሑፍ ለማንበብ መቸገር ያናድዳል። ጽሕፈታቸው ደቃቅ የሆነ ሰዎች የዚያው ድርጅት ምርት የሆነውን፣ ቀፎው ብርቱካንማውን ባለ 0.8 ሚሊ ሜትር ቢክ ቢገዙ ይሻላል።

አልጋ ላይ በጀርባ ተኝቶ መጻፍ አይሆንም። ቀለሙ ወደ ኳሱ የሚወርደው በራሱ ክብደት ስለሆነ ጫፉ ወደ ላይ ሲዞር ይቋረጣል። እንዲህ ሲሆን ጫፉን ወደ ታች አድርጎ ማቆየት፣ ከዚያ በብጣሽ ወረቀት ላይ ደጋግሞ ማሽከርከር ነው። በክብሪት ማሞቅ ፕላስቲኩን ከማቅለጥ በቀር ጥቅም የለውም። ጫፉ ላይ የሚጠራቀመውን ቀለም በሶፍት መጥረግ ይበቃል።

ባለ 50 ሉክ ማለት 100 ገጽ ነው፤ በቀን ግማሽ ገጽ ከተጻፈ 200 ቀን ያስኬዳል። ግማሽ ገጽ ደግሞ አያንስም። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ማርቲን ሴሊግማንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተሙት ጥናት ተሳታፊዎች ለአንድ ሳምንት በየማታው መልካም የሆኑላቸውን ሦስት ነገሮች ከነምክንያታቸው ጻፉ፤ ደስታቸው ጨምሮ ከስድስት ወር በኋላም ልዩነቱ ታየ። ብዙ ሰው የሚስተው ምክንያቱን ነው። «ታክሲ ቶሎ አገኘሁ» ብቻ አይበቃም፤ «ሰልፉ ሳይረዝም ቀድሜ ስለወጣሁ» ሲባል ነገ የሚደገም ነገር ይገኛል። «ቤተሰቤ ደህና ነው» የሚለው በየቀኑ ሲገለበጥ ደግሞ እጅ ይጽፈዋል እንጂ ልብ አይሰማውም። «እናቴ ዛሬ ያለ ምርኩዝ እስከ በር ሄደች» ይባል።

ስለሚያም ነገር መጻፍ ሌላ ጉዳይ ነው። ሌላው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ጀምስ ፔኔቤከር እ.ኤ.አ. በ1986 ከባልደረባው ጋር ባሳተመው ጥናት ተማሪዎች ለአራት ተከታታይ ቀናት 15፣ 15 ደቂቃ ስለ ከባድ ገጠመኛቸው ጻፉ። እንደጨረሱ ስሜታቸው ከፋ፤ በቀጣዮቹ ወራት ግን ስለ ገጠመኙም ስለ ስሜታቸውም የጻፉት ወደ ጤና ጣቢያ መመላለሳቸው ቀነሰ። ስለዚህ መጀመሪያ ላይ መክፋቱን አውቆ መግባት፣ ከመኝታ ራቅ አድርጎ መጻፍ፣ የማይቻል ሲሆን ማቆም ያስፈልጋል።

እንዲህ ያለውን ጽሑፍ ቤተሰብ እንዳያየው ቀዶ ማውጣት ለሚፈልግ፣ ደብተሩ መሐሉ ላይ በሽቦ የተሰፋ መሆኑ አይረሳ። ከየትም ቦታ አንድ ሉክ ሲቀደድ በሌላው ወገን ያለው ጥንዱ ይላቀቃል። መሐለኛው ወረቀት ግን የሽቦውን እግሮች ቀና አድርጎ ሳይቀደድ ይወጣል፤ አራት ገጽ ስላለው ለአራቱ ቀናት ልክ ነው። ሽቦው ከዚያ በጥፍር ሳይሆን በማንኪያ ጀርባ ተጭኖ ይመለሳል።