ለአኳሪየም ውኃ መመርመሪያ፦ ወረቀት፣ ጠብታ ወይስ ዲጂታል?

ለቤት አኳሪየም የሚቀርቡት የውኃ መመርመሪያዎች በዋናነት ሦስት ዓይነት ናቸው፦ ነክረው የሚያወጡት ወረቀት፣ በቱቦ ውስጥ ባለ ውኃ ላይ የሚንጠባጠብ ፈሳሽ እና ብርሃን አሳልፎ የቀለሙን ጥልቀት የሚለካ ዲጂታል መሣሪያ። ሦስቱም የሚሠሩት በቀለም ለውጥ ነው፤ በሁለቱ ግን ቀለሙን የሚያነበው የገዢው ዓይን ስለሆነ፣ ምርጫው ከዓይንና ከብርሃን ተነጥሎ አይታይም።

ወረቀቱ ፒኤችን (የውኃውን አሲዳማነት)፣ የውኃ ጠንካራነትን (በውኃው የሟሟውን የካልሲየምና የማግኒዚየም መጠን)፣ እንዲሁም ከዓሣ ቆሻሻ የሚመነጨው አሞኒያ ተራ በተራ የሚለወጥባቸውን ናይትራይትንና ናይትሬትን በአንድ ጊዜ ያሳያል። ይሁንና ብዙዎቹ አሞኒያን አይጨምሩም፤ በአዲስ ገንዳ ውስጥ ለዓሣ አስቀድሞ የሚያሰጋው ደግሞ አሞኒያ ነው። እርጥበት የገባበት እሽግ ከጥቅም ውጪ ይሆናል፤ ወረቀቱም አግድም ካልተያዘ የአንዱ ቀለም ወደ ሌላው ይፈሳል። ስለዚህ የተረጋጋን ገንዳ አልፎ አልፎ ለመቃኘት እንጂ ለአዲስ ገንዳ አልመርጠውም።

ለጀማሪ የምመርጠው ጠብታውን ነው፤ ነገር ግን ጥንቃቄ ይጠይቃል። የአሞኒያ ቀለም ከቢጫ ወደ አረንጓዴ ሲሄድ በ0 እና በ0.25 ሚሊግራም በሊትር መካከል ያለው ልዩነት እጅግ ስስ በመሆኑ፣ በቢጫ አምፖል ሥር የሚያነብ ሰው ይሳሳታል። ቱቦውን በቀን ብርሃን ከነጭ ወረቀት ፊት ይዞ፣ መመሪያው በወሰነው ደቂቃ ማንበብ ይገባል፤ ቀለሙ ከዚያ በኋላም ሊጠቁር ይችላልና። በናይትሬት ምርመራ ደግሞ ከሁለቱ ጠርሙሶች አንዱ ታች የሚዘቅጥ ዱቄት ስላለው በኃይል ካልተናጠ ውጤቱ ከእውነተኛው በታች ይወጣል፤ «ናይትሬቴ ሁልጊዜ ዜሮ ነው» የሚል ሰው መጀመሪያ አናናጡን ቢፈትሽ ይሻላል። የናይትሬት 40 እና 80 ሚሊግራም በሊትር ሁለቱም ቀይ ሆነው ሲያስቸግሩ፣ የገንዳውን ውኃ ከእኩል መጠን የተጣራ ውኃ (ዲስቲልድ ዋተር) ጋር ቀላቅሎ እንደገና መርምሮ ውጤቱን በ2 ማባዛት ነው።

የጠንካራነት መመርመሪያ ጠብታ ከቀለም ሰንጠረዥ ነጻ ነው፤ ቀለሙ በድንገት እስኪለወጥ ድረስ ጠብታ ይቆጠራል፤ በተለመዱት ኪቶች እያንዳንዱ ጠብታ 1 የጀርመን ዲግሪ፣ ማለትም በካልሲየም ካርቦኔት ሲሰላ 17.9 ሚሊግራም በሊትር ያህል ነው።

ቀይና አረንጓዴ መለየት ለሚያዳግተው ሰው ዲጂታሉ ወጪው ይገባዋል። ብዙውን ጊዜ ግን አንዱ መሣሪያ የሚለካው አንድ ነገር ብቻ ነው፣ ኬሚካሉም በየጊዜው ይገዛል፤ በመስታወቱ ላይ ያለ የጣት አሻራ ወይም የአየር አረፋም ንባቡን ያዛባል።

ጠብታ ሲገዙ የአሞኒያው ቀለም ወደ አረንጓዴ የሚሄደውን፣ ማለትም ሳሊሲሌት በተባለ ኬሚካል የሚሠራውን ይምረጡ። ወደ ቡናማ የሚሄደው፣ ኔስለር የሚባለው ዓይነት፣ ሜርኩሪ ያለበት ከመሆኑም በላይ፣ ክሎሪን ለማስወገድ ከሚጨመሩ አንዳንድ ፈሳሾች ጋር ሐሰተኛ ውጤት ይሰጣል።