የባዶ ቦታ እንክብካቤ አገልግሎት፦ ሣሩ ታጭዷል፣ ጎማው ቀርቷል

ከከተማው አስተዳደር ማስጠንቀቂያ ከደረሰኝ በኋላ ባዶ ቦታዬን እንዲንከባከብልኝ የተዋዋልሁት ድርጅት ሣሩን ዘር ከመቋጠሩ በፊት ማጨዱ፣ የታጨደውንም እዚያው ከምሮ ለእሳት አደጋ ከመተው ይልቅ ጭኖ መውሰዱ ያስመሰግነዋል። አጥሩንም በደህና ጠግኗል። ይሁን እንጂ ውሃ ያቆሩትን አሮጌ ጎማዎች «ከውላችን ውጭ ናቸው» በማለት ትቷቸዋል፤ በሞቃት ወቅት ትንኝ ከእንቁላል ተነስታ ለመብረር ከ7 እስከ 10 ቀን ስለሚበቃት፣ ይህ እንደ ቀላል ጉድለት የሚታለፍ አይደለም። ከሁሉ የበለጠ የጠቀሙኝ ከሥራው በፊትና በኋላ የተነሱት፣ ቀን የተጻፈባቸው ፎቶግራፎች ናቸው፤ ብዙ ከተሞች ባለቤቱ በጊዜ ገደቡ ካልፈጸመ ራሳቸው አጽድተው ወጪውን ስለሚያስከፍሉት፣ ክርክር ቢነሳ ማስረጃ ይሆናሉ። ጎማና ፍርስራሽ ማንሳት በጽሑፍ ከተካተተ ውሉን አድሰዋለሁ።